እናኑን የሚዘለው ቀስት

ዓይናዲስ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ትልቅ ወረቀት ቆማ ስትመረምር በሩ ድንገት ተከፈተና ቀዝቃዛ ውኃ ከጆሮዋ እስከ ማጅራቷ ወረደባት።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አለች እናቷ እናኑ፣ የጠበሉን ጠርሙስ እንደገና እያዘነበለች። ሁለተኛው ርጭት ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ምነው እማ! ምን ሆንሽ?»

«የት ሄደሽ ነው ያስጻፍሽው? ትክል ድንጋይ ደብተራ ዘንድ ድረስ ነው የሄድሽ?»

«ምኑን ነው የማስጽፈው?»

«ይኼን ጠልሰም ነዋ! ዓይኔ ቢደክም ክብና ቀስት ይጠፋኛል? በየክቡ ውስጥ የሰው ስም አለበት። ባል ከፈለግሽ ለእናትሽ አትነግሪም? ደብተራ ቤት ምን ያስኬድሻል?»

ዓይናዲስ የሚንጠባጠበውን ጠበል በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። መሳቅም መናደድም ቃጣትና እንደ ልማዷ ሁለቱንም ዋጠችው።

«ጠልሰም አይደለም። የአቦ ማኅበር ነው።»

«የማኅበርተኞቹን ስም ነው በክብ የዘጋሽው?» አለች እናኑ፤ ጠርሙሱም ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ።

ዓይናዲስ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሳይንስ ታስተምራለች። ድምጿ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች የምትለውን የሚረዱት ሰሌዳው ላይ ከምትስለው ነው። የምትስለውም ሁልጊዜ ክብና ቀስት ነው። አሁንም እናቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ ሰሌዳው ፊት የቆመች ያህል ማስረዳት ጀመረች።

«ባንክ ደጃፍ ያለውን የገንዘብ ማሽን ታውቂው የለ? ካርድ እስኪገባለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ይኼ አንድ ክብ ነው። ካርድ ሲገባለት የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል፤ ይኼ ሌላ ክብ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቀስቱ ነው። ማሽኑ ከነዚህ ክቦች ውጭ መሄጃ የለውም። እኛ ደግሞ ቀስቶቹን እየተከተልን እንጠይቃለን፤ ገንዘብ የጠየቀ ሰው አንድ ቀን ያገኛል? ካርዱስ ሁልጊዜ ይመለስለታል?»

«የኔን ካርድ የዋጠው ጊዜ ይኼን ጠይቃችሁ ነበር?»

«ያን ማሽን እኛ አልሠራነውም እማ።»

«እንዲያ በይ» አለች እናኑ፤ ጠርሙሱንም ከደነችው። ተነሥታ ግን ወደ ወረቀቱ በጣም ተጠጋች። አፍንጫዋ ሊነካው ሲደርስ ፊደሎቹ ታዩዋት። «ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ይኼ ከላዬ ዘሎ የሚያልፈው ቀስትስ?»

ዓይናዲስ ወረቀቱን የሳለችው በዚያ ቀስት ምክንያት ነበር።

ጎንደር አጠገብ ባለችው ፀዳ የአቦን ማኅበር የሚጠጡት ሰዎች በወር አንድ ቀን ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ በመጨረሻም የማኅበሩ ቄስ መምሬ ዳኛው ጽዋውን ባርከው ለመጪው ወር ደጋሽ ያስረክባሉ። የተረከበው ሰው በእልልታ እስከ ቤቱ ይሸኛል። ሕጉ በጽሑፍ የለም፤ ካለመጻፉ የተነሣ ግን ማንም ሊሰርዘው አልቻለም። ጽዋው በመቀመጫ ተራ ይዞራል። ክርስትና ወይም ተዝካር ወይም ሌላ ጉዳይ የገጠመው ሰው «ለኔ ይለፍልኝ» ብሎ ከጠየቀ ከተራው ቀድሞ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ጽዋው ከእሱ ቀጥሎ ወደተቀመጠው ሰው ይሄዳል እንጂ ወደታለፈው አይመለስም፤ የታለፈው ዙሩ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሁለት ሰዎች ባንድ ቀን ከጠየቁ ደግሞ ለአንዳቸውም አይሰጥም። ዱሮ ሁለት ሰዎች ሲጓተቱ ጽዋው ተደፍቶ ነበርና፣ «በአቦ ጽዋ ሙግት የለም» ተብሎ ተራው ይጸናል።

እናኑ የምትቀመጠው በአያ ሰውአገኝና በአያ በላቸው መካከል ነው። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። አያ በላቸው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ናቸው፤ ቤታቸውም ልጅና የልጅ ልጅ የማይጎድልበት ነው። ጽዋው አያ ሰውአገኝ ዘንድ በደረሰ ቁጥር አንዱ ይወለዳል፣ አንዱ ይመረቃል፣ አንዱ ሚስት ያገባል። አያ በላቸው አንድ ወር ቢታገሡ ተራው የራሳቸው ነው፤ ነገር ግን የተወለደ ሕፃን ወር አይታገሥላቸውም። «ይለፍልኝ» ይላሉ፤ ያልፍላቸዋል። ጽዋው በእናኑ ራስ ላይ ተሻግሮ እጃቸው ይገባል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ሲቀበሉ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው «ያንቺም ይደርሳል እናኑ» ይሏታል። ሦስት ዙር እንዲህ አሏት። ሦስት ጊዜ እናኑ ተራዬ ደረሰ ብላ ጌሾ አስወቀጠች፤ ሦስቱንም ጊዜ የተወቀጠውን ጌሾ አያ በላቸው ቤት ላከችላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ቀን ተነሥቶ ይጠይቅ ነበር። እናኑ ግን መጠየቅ አትችልም። ባሏ በሞተ ሰሞን፣ ዓይናዲስ ገና ትምህርት ቤት ሳለች፣ ተስላ ነበር። «አቦዬ» ብላ ነበር፣ «ይቺ ድምፅ የሌላት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እንጀራ ከበላች፣ ተራዬ ሲደርስ ጽዋህን ደግሼ እዘክርሃለሁ።» ተራዬ ሲደርስ ነው ያለችው። ቀድሞ መጠየቅ ስለቱን ማፍረስ ነው ብላ ታምናለች፤ በዚህ ነገር መምሬ ዳኛውም ቢሆኑ አላሳመኗትም።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፣ እዚያው ተቀጠረች፣ እንጀራም በላች። ስለቱ ግን እንዳለ ነው። ይኼ ብቻ ቢሆን እሰየው። የእናኑን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙ ቀላል ኦፕራሲዮን ነው፣ ቶሎ ይሠራ፣ ከቆየ ይከፋል ብሏል። እናኑ ደግሞ «የአቦን ስለት ሳላደርስ ዓይኔን ቢላ አይነካውም» ብላለች። የምትተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ባለፈው ሰሞን የአያ ሰውአገኝን ኮት ኪስ ከጀርባ በኩል ሰፍታ ሰጥታቸው፣ ሰውየው በጨዋ ደንብ አመስግነው ለብሰውት ሄደዋል።

እንግዲህ ኦፕራሲዮኑ ስለቱን ይጠብቃል፣ ስለቱ ተራውን ይጠብቃል፣ ተራው ደግሞ አያ በላቸውን ይጠብቃል። ዓይናዲስ ለተማሪዎቿ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አግኝታ አታውቅም፤ እናቷ ባትሆን ኖሮ።

ወረቀቱ ገና ሳይደርቅ በሩ ላይ ሳል ተሰማ። ጎረቤታቸው እትዬ አየለች የቀሚሳቸውን ዘርፍ ሊያስተካክሉ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አይታወቅም። ግድግዳውን አዩ፣ የጠበሉን ጠርሙስ አዩ፣ የዓይናዲስን እርጥብ ፀጉር አዩ።

«በኋላ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ።

ቀኑ ሳይመሽ፣ የእናኑ ልጅ የማኅበርተኛውን ስም በክብ ዘግታ ስትደግም ጠበል ቢረጭበት ወረቀቱ ጮኸ የሚለው ወሬ ፀዳን አዳርሶ አዘዞ መግቢያ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ዓይናዲስ የተጠገነ ሱሪ ይዛ አያ በላቸው ዘንድ ሄደች። ሱሪው ሰበብ ነበር። የተጣጠፈውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። አያ በላቸው ከደጃቸው አግዳሚ ላይ ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል መሰለኝ፣ ቦርሳውን በጎን ዓይናቸው ነው ያዩት።

«አያ በላቸው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ እንጂ። ግን ከፍ አድርጊው።»

«እናቴን ጽዋው መቼ ነው የሚደርሳት?»

«ሲደርሳት።»

«እሱ መቼ ነው?»

«ምነው ዓይናዲስ! ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይኼን ነው? ጽዋ ይዞራል። የሚዞር ነገር ሁሉ ይደርሳል።»

ወረቀቱን አግዳሚው ላይ ዘረጋችው። አያ በላቸው መጀመሪያ ሬዲዮናቸውን አራቁ፤ ክቡን ሳይነኩ ዓይናቸውን ብቻ አስከተሉ።

«ጽዋው እዚህ፣ አያ ሰውአገኝ ጋ ደረሰ» አለች ዓይናዲስ በጣቷ እየመራች። «እርስዎ ጉዳይ ይኖርዎታል። ይጠይቃሉ።»

«ጉዳይማ መቼ ጠፍቶኝ።»

«እናቴን ዘሎ ወደ እርስዎ ይመጣል። ከእርስዎ ወደ እትዬ አየለች፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ። ዞሮ ዞሮ እንደገና አያ ሰውአገኝ ጋ ይደርሳል።»

«ሸጋ። ይደርሳል አላልሁሽም?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይዘላታል» አሉ አያ በላቸው፤ ካሉ በኋላ ምን እንዳሉ ሰሙት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ቀን ግን ይደርሳታል።»

ዓይናዲስ የምታስተምረው የሎጂክ ዓይነት «ሁልጊዜ»ን፣ «አንድ ቀን»ን እና «እስከ»ን የሚመረምር ነው። በየዓመቱ ለተማሪዎቿ የምትነግራቸው ነገር ነበር። «መቼም አልሰርቅህም» ያለ ሰው የሰረቀ ቀን ይያዛል። «አንድ ቀን እከፍልሃለሁ» ያለውን ግን በየትኛውም ቀን ሄደህ ዋሸህ ልትለው አትችልም፤ ነገ አለዋ። አያ በላቸው ሦስት ዙር ሙሉ አልዋሹም። ሠላሳ ዙርም ቢሆን አይዋሹም።

«ሕጉ ቢሻሻልስ?» አለች በመጨረሻ። «የታለፈ ሰው ወዲያው ቀጥሎ እንዲያገኝ።»

«ይሻሻላል! ማን ከለከለ? ሁሉም ከተስማማ ይሻሻላል። ሁሉም እንዲስማማ ሁሉም መገኘት አለበት።»

«ሁሉም ተገኝቶ ያውቃል?»

«የለም» አሉ አያ በላቸው በኩራት። «የአቦ ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ቀን።» ከዚያም የልጅ ልጃቸው ክርስትና ለመጪው ወር መቃረቡን፣ ሕፃኑም እሳቸውን ቁርጥ መሆኑን ነገሯት። ዓይናዲስ «እግዜር ያሳድገው» ብላ ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች።

ነገሩ እንግዲህ ቀን ተቆርጦለታል። የዚህ ወር ማኅበር አያ ሰውአገኝ ቤት ነው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የእናኑ ነው፤ አያ በላቸው ደግሞ ሊጠይቁ ተዘጋጅተዋል። አሁን ካለፈ ሌላ ዙር ሊጠበቅ ነው፤ የእናኑ ዓይን ግን ሌላ ዙር የሚጠብቅ አልነበረም።

ዓይናዲስ ቢሮዋ ገብታ የማኅበሩን ሕግ ለኮምፒውተሯ መገበች። ለጥናቷ የምትጠቀምበት ፕሮግራም ነበራት፤ ክቦቹንና ቀስቶቹን ከሰጡት፣ ሊሄዱ የሚችሉበትን መንገድ ሁሉ ሳይሰለች ይሄድበታል። መጀመሪያ «እናኑ አንድ ቀን ጽዋውን ማግኘቷ አይቀርም?» ብላ ጠየቀችው። ማሽኑ «ይቀራል» አለና ያንኑ የምታውቀውን ዙር አሳያት፤ ማንም ሕግ ሳይጥስ፣ ማንም ሳይዋሽ፣ እስከ ዘላለም የሚዞር። ቀጥላ ጥያቄውን ገለበጠችው። «እናኑ ሳትጠይቅ፣ አያ በላቸውም ሳይከለከሉ፣ ጽዋው እናኑ እጅ የሚገባበት መንገድ አለ?»

መልሱ ለመምጣት የሻይ መጠጫ ያህል እንኳ አልፈጀም። ዓይናዲስ አነበበችው፣ እንደገና አነበበችው፤ ከዚያ ማንም በሌለበት ቢሮ ውስጥ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

አያ በላቸው ይጠይቁ። ሌላ ሰውም ይጠይቅ። ሁለት ከጠየቁ ተራው ይጸናል።

ሌላው ሰው ማን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ አልተጨነቀችም። እትዬ አየለች ያን ቀሚስ ይዘው ሲመለሱ እናኑ ገበያ ወጥታ ነበር። ዘርፉን ለማሳየት አንድ አፍታ፣ ግድግዳውን ለመሰለል ብዙ አፍታ ወሰደባቸው።

«እንዲያው ዓይናዲስ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔም ስም አለበት?»

«አለበት እትዬ አየለች።»

«እግዚኦ! የቱ ጋ?»

«ይኼውና፣ ከአያ በላቸው ቀጥሎ።»

«ከኔ የሚወጣው ቀስት ምን ያደርጋል?»

«ጽዋ ያሳልፋል።»

«ሌላ ነገር አያሳልፍም? በሽታ፣ ምናምን?»

«ጽዋ ብቻ።»

እትዬ አየለች ትንፋሻቸውን መለሱ። ስጋታቸው ሲወርድ ቅሬታ መሰል ነገር ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ስማቸው ከጽዋ በቀር ምንም አለማሳለፉ ቅር ያሰኛቸው ይመስላል። ዓይናዲስ የቀሚሱን ዘርፍ በመርፌ ቁልፍ እየያዘች፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ በዚያ ከሦስተኛው ረድፍ በማያልፈው ድምጿ ጠየቀች።

«ልጅዎ ፋሲካ ባጃጅ ገዛች አሉ። እንኳን ደስ ያለዎ።»

«አሜን! በሰማያዊ ቀለም፣ አዲስ። የኔ ልጅ ናት እንጂ ፀዳ ውስጥ የትኛዋ ሴት ባጃጅ ትነዳለች?»

«ደስ ይላል። አያ በላቸው ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጽዋ ሊጠይቁ ነው። ለባጃጅስ ጽዋ ይጠየቃል እንዴ? ሕጉን ስለማላውቀው ነው።»

ከዘርፉ በላይ ያለው የእትዬ አየለች ሰውነት ቀስ እያለ ቀና ሲል ዓይናዲስ አየችው።

«ለምን አይጠየቅም?» አሉ። «ባጃጅ ሰው አይጭንም? የሰው ነፍስ አይደለም የሚጭነው?»

«እኔማ ምን አውቄ።»

«የአያ በላቸው ቤት ብቻ ነው ደስታ የሚገባው?»

«እትዬ አየለች፣ ትንሽ አይንቀሳቀሱ፤ መርፌው እንዳይወጋዎ።»

የማኅበሩ ቀን አያ ሰውአገኝ ቤት ሰው ሞላ። አያ ሰውአገኝ ሚስት አግብተው የማያውቁ፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ፣ ገር ሰው ናቸው፤ ያንኑ ከጀርባው ኪስ ያለውን ኮት ለብሰው ከደጃቸው እንግዳ ይቀበላሉ። ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው ጠላ ይቀዳል እንጂ ቃል አይሰጥም፤ ስለዚህ ዓይናዲስ ጣሳዋን ይዛ ከመምሬ ዳኛው ጀርባ ቆመች። የተወራው ወሬ አልበረደም ነበርና፣ የሞላችላቸውን ጠላ አንዳንዶቹ አማትበው ጠጡት። እናኑ በቦታዋ ተቀምጣለች። ዘንድሮ ጌሾ አላስወቀጠችም። «ሲዘለኝ አውቀዋለሁ፤ የነፋሱን ድምፅ ለምጄዋለሁ» ብላ ነበር ጧት ከቤት ስትወጣ። ዓይናዲስ ምንም አልነገረቻትም።

ዳቦው ተበልቶ ጸሎቱ ሲያበቃ መምሬ ዳኛው ጽዋውን ከመሸፈኛው አውጥተው ከፍ አደረጉት።

«ተራው የእናኑ ነው። ጉዳይ ያለው አለ?»

«እንግዲህ መቼም» አሉ አያ በላቸው፣ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «የልጅ ልጄ ክርስትና ነውና፣ ይለፍልኝ።»

«ለኔም ይለፍልኝ!» አሉ እትዬ አየለች።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«የፋሲካ ባጃጅ ሳትመረቅ አስፋልት ልትወጣ ነው። ለኔም ይለፍልኝ።»

«ምን አለች?» አሉ አያ ሰውአገኝ።

«ባጃጅ!» ብለው አጠገባቸው ያሉት ጮኹባቸው።

«ባጃጅም ክርስትና ይነሣል?»

«ሁለት ጠየቁ» አሉ መምሬ ዳኛው። «ሁለት ከጠየቁ እንግዲህ...»

ዓይናዲስ ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘችው። ቀስቱ ሲዞር ታያት።

«ይቆዩ መምሬ» አሉ አያ በላቸው። ደረታቸው ላይ እጃቸውን አኑረዋል። «የማኅበሩ ሙሴ ሆኜ ከሴት ጋር ጽዋ አልጓተትም። ለአየለች ይሁን።»

ጽዋው ወደ እትዬ አየለች ዞረ። አንዱ ከተወ የጠየቀው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ከሆነ ደግሞ ያልፍለታል።

«ኧረ በአቦ!» አሉ እትዬ አየለች፤ ፊታቸው ቀላ። «ሕፃን እያለ ለባጃጅ? ሰው ምን ይለኛል! ለአያ በላቸው ይሁን።»

ጽዋው ወደ አያ በላቸው ዞረ።

«እኔ ልሙት፣ አንቺ ውሰጂው።»

«በሞቴ፣ እርስዎ ይውሰዱት።»

«አፈር ስሆን!»

«ለልጅዎ ልጅ ስል!»

«ለፋሲካ ስል!»

መምሬ ዳኛው ጽዋውን ማኅሌት ላይ እንዳለ መቋሚያ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት ጀመር። ማንም አልቆመም፣ ማንም አልደረሰም። ዓይናዲስ በሙያዋ ይኼን በሽታ ታውቀዋለች። ጠባብ በር ላይ የተገናኙ ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲለቅ ሌላውም ወደዚያው ሲለቅ፣ ሁለቱም ሲንቀሳቀሱ ውለው አንዳቸውም አያልፉም። ያሳፈራት ግን ሌላ ነገር ነበር። ሕጉን ሁሉ፣ ክርስትናውንና ባጃጁን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አስፍራ ስታበቃ፣ ተወልዳ ያደገችበትን ነገር ረስታው ነበር። ጎንደር ተቀምጣ የማኅበር ሰዎችን በክብ ስላ፣ ይሉኝታ የሚባል ቀስት አልሳለችም።

ግብግቡ ሊበርድ አልቻለም። አያ በላቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ እትዬ አየለችም ተነሥተዋል። በዚህ ከቀጠለ አንዱ መድከሙ አይቀርም፤ የደከመው ይቀበላል፤ ጽዋው ያልፋል። እናኑ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ድምፁ ወደመጣበት ሁሉ ደብዛዛ ዓይኗን እያዞረች ትሰማለች። የመምሬ ዳኛው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ዓይናዲስ ክንዱን አየችው። ቃል መስጠት አይፈቀድላትም። ጠላ መቅዳት ግን ይፈቀድላታል። ጣሳዋን ይዛ ጠጋ አለች፣ የመምሬን ብርጭቆ የምትሞላ መስላ ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ላይ ተናገረች። ለዚህ ሦስተኛ ረድፍ አያስፈልግም ነበር።

«አባ፣ ክንድዎ ዛለ። ተነጋግረው እስኪጨርሱ እናቴ ትያዝልዎ?»

መምሬ ዳኛው አንገታቸውን ዞር አድርገው አዩዋት። ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ሸጋ ብለሻል» አሉ። «እናኑ፣ እስቲ ያዢልኝ ልጄ።»

የቄስ ክንድ ደክሞ አልይዝም የሚል ሰው የለም። እናኑ ሁለት እጇን ዘረጋች። ጽዋው ሲያርፍባት ክብደቱ ያስደነገጣት ይመስል ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አንቺ ውሰጂው ብያለሁ፣ አለቀ!» አሉ አያ በላቸው። «እኔ ትቻለሁ!»

«እርስዎ ከተዉ እኔም ትቻለሁ!» አሉ እትዬ አየለች። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ትቻለሁ!»

ከዚያ ሁለቱም ጽዋውን ፍለጋ ወደ መምሬ እጅ ተመለከቱ። መምሬ ክንዳቸውን እያሹ ነበር።

«ሁለታችሁም ተዋችሁት» አሉ መምሬ ዳኛው በረጋ ድምፅ። «የጠየቀ የለም። የጠየቀ ከሌለ ተራው የማን ነው?»

አያ ሰውአገኝ፣ ጥያቄውን እንዴት እንደሰሙት እንጃ፣ «የእናኑ ነዋ» አሉ። «ጽዋውም እጇ ላይ ነው።»

«እንድትይዝ ነው እንጂ እንድትወስድ አልተሰጣት!» አሉ አያ በላቸው።

«ከቄስ እጅ የወጣ ጽዋ ወደ ቄስ እጅ አይመለስም።»

«መምሬ፣ ይኼ ሕግ መቼ ነው የወጣው?»

«ዱሮም ነበር። የጠየቀ ሰው ስላልነበር ነው።»

«እኔ እኮ አልጠየቅሁም» አለች እናኑ። «አባ፣ ይመስክሩልኝ። አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቅሽም። ለዚህ ነው ተራሽ የሆነው።»

አያ ሰውአገኝ ያገኙትን ደስታ የሚያሳድሩ ሰው አልነበሩም። ከነኮታቸው ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ከጓዳ የነበሩት ሴቶች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው እልልታውን ለቀቁት፤ እልል ከተባለ በኋላ ደግሞ ጽዋ ማስመለስ እንኳን በአያ በላቸው፣ በጳጳስም የሚቻል አልነበረም። እናኑ ጽዋውን ከደረቷ ሳታላቅቅ ታለቅስ ነበር። ዓይናዲስ እልል ማለት ስለማትችል ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

አያ በላቸው በሩ ላይ ጠበቋት። የተቆጡ አይመስሉም፤ ቼዝ ተጫውቶ እንደተሸነፈ ሰው ግራ ገብቷቸዋል።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ይኼም ወረቀቱ ላይ ነበረ?»

«አልነበረም አያ በላቸው» አለች ዓይናዲስ መሬት መሬት እያየች። «ዛሬ ገብቼ እጨምረዋለሁ።»

«የኔን ክብ ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ።»

«እሺ።»

ማኅበርተኛው እናኑን በእልልታ እስከ ቤቷ ሸኛት። እትዬ አየለች ከፊት ሆነው ያጨበጭቡ ነበር፤ ፋሲካም ባጃጇን ከኋላ ቀስ እያደረገች አስከተለች።

በሚቀጥለው ወር እናኑ አቦን ደገሰች፤ አያ በላቸውም ሳይጠይቁ፣ በተራቸው፣ ጽዋውን ከእጇ ተረከቡ። ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ እናኑ ሆስፒታል ገብታ የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፈፈ።